በሬ የወጋት በግ ሌጦ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። አዲሱ መንግሥት ከገባ ሁለት ወይ ሦስት ታኅሣሥ ቢያልፍ ነው፤ ውርጩ የገብሱን ገለባ ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለው እንደነበር ግን አልረሳም። ነገሩን ያስታወሰችኝ ባለፈው ቅዳሜ ሞላሌ ገበያ ያገኘኋት ሽንኩርት ሻጭ ናት። ሽንኩርቱን ስታቀብለኝ የሁለት ጣቶቿ ጫፍ እንደ ኖራ ነጥቷል።

"ልጄ፣ ይኼን ለሐኪም አሳይተሽዋል?"

"ብርድ ነው እንጂ አባባ፣ ምኑ ይታያል?" ብላ ሳቀች።

እኔም ያን ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልኩት።

ያኔ ወጣት ነኝ፣ ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ሥራዬ ብራና መፋቅ ነው። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ጸሐፊዎቹ የሚጽፉበትን ቆዳ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያዘጋጅ በአገሩ አልነበረም፣ ትዕቢት አይሁንብኝና። ሌጦውን በምንጭ ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ በእንጨት ላይ እወጥራለሁ፣ እፍቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እጄን ከውሃው ሳወጣ ጣቶቼ ይነጣሉ፣ ቀጥሎ ይጠቁራሉ፣ እሳት ሲያገኙ ደግሞ ቀልተው ያቃጥሉኛል። እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። በኋላ ቆዳዬ ራሱ ይወጠር ጀመር። ጣቶቼ አብለጨለጩ፣ ደነደኑ፣ መፋቂያውን መጨበጥ አቃተኝ።

መንደሩ ስም ለማውጣት አልዘገየም፤ ቁምጥና ነው አለ። ማኅበር ላይ ጠላ በሌላ ዋንጫ ይቀዳልኝ ጀመር። አማቴም፣ የባለቤቴ አባት፣ ቀየት ከሚባለው መንደራቸው "ልጄን መጥቼ እወስዳለሁ" ብለው ላኩብኝ።

ባለቤቴ ግን ጎትታ መሐል ሜዳ ከተማ አወረደችኝ፣ ከዚያም በአውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ። ስንቃችን በሶ ነበር። መጨበጥ ስላቃተኝ እሷ እየጨበጠች ስታጎርሰኝ ተሳፋሪው ሙሽሮች መስለነው ይስቃል።

ሆስፒታል ያየችን ሐኪም ጣቴን በመርፌ ወጋችኝ። "ኧረ አመመኝ!" አልኩ። "እሰይ!" አለች። ቁምጥና ያደነዘዘው ጣት መርፌ አይሰማውም ብላ፣ ሌላም ሌላም መርምራ ቁምጥና አለመሆኑን ነገረችኝ።

"የቱ ቀደመ? የጣቶቹ መንጣት ወይስ የቆዳው መድረቅ?"

"መንጣቱ።"

"አዩ፣ መጀመሪያ የተጎዱት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ናቸው። ደም በደንብ አልደርስ ሲል ቆዳው የቆሰለ ይመስለዋል፤ ጠባሳ ይሠራል፣ ይሠራል፣ በቃህ የሚለው የለም። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።"

የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከለከለችኝ፣ ወረቀትም ጻፈችልኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኛ መንደር ማን ያንብበው?

አማቴ በቅሎ ጭነው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሲመጡ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ገለበጡት። "ይኼን ዶሮ ነው የጫረው?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ባለቤቴን እንደማጣት ተሰማኝ። ያኔ ዓይኔ ደጅ በተወጠረው ሌጦ ላይ አረፈ፤ እሳቸው ራሳቸው የሰጡኝ የበግ ሌጦ ነው። አንስቼ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። የደም ሥሮቹ ምልክት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ ጎኑ ላይ ሲደርስ ግን ይቋረጣል።

"አባባ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይዳስሱልኝ።"

ዳሰሱ። "ደንድኗል።" ትንሽ አሰቡ። "ይቺማ በሬ የወጋት በግ ናት! እዚሁ ጎኗን ነበር፤ ደሟ ውስጥ ውስጡን ፈሷል።"

"ሌሎቹ በጎች ከእሷ ተያዙ?"

"በሬ የወጋት በግ ምን ታስይዛለች፣ አንተ ደግሞ!"

"የእኔም እንዲሁ ነው አባባ። የደም ሥሬ ተጎድቶ ነው ቆዳዬ የደነደነው። እኔን የወጋኝ በሬ ውስጤ ስላለ አልታይ ብሏችሁ ነው።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ ሌጦው ዳሰሱት፤ አልለቀቁትም። "እዚህ ቤት ጠላ የለም እንዴ?" አሉ። ከእኔው ዋንጫ ተቀብለው ጠጡ።

"በቅሎዋ ባዶዋን ትመለስ አባባ፣ ይቀላታል!" ብላ ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ።

"ምን ተወለደ?"

"የባሌ እጅ!" አለቻቸው።

ሕመሙ አልለቀቀኝም፤ እኔም ሥራዬን አልለቀቅሁም። ውሃ እያሞቅሁ፣ የሱፍ ጓንት እያጠለቅሁ ስንትና ስንት ብራና ፍቄያለሁ። ዛሬም ጣቶቼ ሙሉ በሙሉ አይታጠፉም፤ ቅዳሴ ላይ መጽሐፉ ሲገለጥ ግን ገጹን አውቀዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ሰው ያን ቀን የረታሁት በሌጦው ይመስለዋል። እኔ ግን ሁሉም ሲሸሸኝ ማን አጠገቤ እንደቆመ አውቃለሁ። ባለቤቴ ናት፣ ጥሩነሽ።