ያልታጨደው ስንዴ

ባለፈው ቅዳሜ ኮልፌ ገበያ እርድ ስመርጥ ጣቴ ቢጫ ሆነ። ሻጯ "እትዬ፣ ንጹሕ ነው፤ ይኸው እጅዎ ይመስክር" አለችኝ። ገዛሁት። ዓለም ባንክ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ግን ጣቴን ማየት አልተውኩም። እንዲህ ያለ ቢጫ ከስንዴ ቅጠል ላይ ወደ ጣቴ የመጣበት አንድ ጥቅምት ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ያኔ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን አለፍ ካሉ ሁሉም እርሻ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ አቧራ ከመሆኑ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ሰፈሩ የባቄላ አበባ ይሸታል፤ እሸት እየጠረጠሩ መሄድ ነው። አባቴ እዚያ ገበሬ ነበር። እኔ ደግሞ የግብርና ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ፣ መምህር ካመሰገነኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ የሚለኝ፣ "እሺ" ማለት የሚቀናኝ ልጅ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ከመንግሥት የምርምር ጣቢያ አዲስ የስንዴ ዘር ለገበሬ ማኅበራችን መጣ። ያመጣው ባለሙያ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረን፤ ከአዲሱ ጎን የአባቴን ያገር ስንዴ እንድንዘራና ሁለቱን እኩል እንድንይዛቸው። የሚሻለው የሚታወቀው ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ማሳው ሰፈሬ ስለሆነ ኮሌጁ በእረፍት ቀኔ እንድከታተለው መደበኝ።

አዲሱ ስንዴ መጀመሪያ ያምር ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ዋግ መታው። ቅጠሉን ስነካው ቢጫ ዱቄት ጣቴ ላይ ይቀራል። ያገሩን ስንዴ እዚህም እዚያም ነካ ቢያደርገው እንጂ አረንጓዴ እንደሆነ ቆሟል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ግን በሚመጣው ክረምት ገበሬው ሁሉ አዲሱን ዘር ብቻ እንደሚዘራ ለበላዮቹ ቃል ገብቶ ነበር። ያ ዋግ በየማሳው ቢወርድ ሰዉ ምን ሊበላ ነው?

ከቢሮ የተላኩ እንግዶች ማሳውን ሰኞ ሊጎበኙ፣ እሑድ ጠዋት ጓድ ታደሰ ማጭድ ያስያዛቸውን ገበሬዎች አስከትሎ ማሳው ላይ ደረሰ። ዕለቱ ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔ ዓለም ንግሥ ነው። በዚያ ቀን በእኛ ሰፈር ማጭድ የሚያነሳ የለም። ሰዎቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው የተጠሩት።

"ያገሩ ስንዴ ለከብት ይታጨድ" አለ። "እንግዳ ሲመጣ አዲሱ ብቻ ይታይ።"

አባቴ መሬት መሬቱን አየ።

"አዲሱ እኮ ቢጫ ሆኗል" አልኩ።

"ሊደርስ ነው እንላቸዋለና! ከጎኑ አረንጓዴ ከሌለ ማን ይለየዋል? የሚመጣው የቢሮ ሰው ነው።"

"አይታጨድም።"

"ምን አልሽ?"

"አይታጨድም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ማነጻጸሪያው ከሌለ ሙከራ የለም።" ስንዴው መሃል ገብቼ ቆምኩ። ጤዛው ቀሚሴን አራሰው።

"ገና አንደኛ ዓመት ሆነሽ እኔን ልታስተምሪ? ያዙና አውጧት!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በዓል ነው ማለት አድኃሪ ያሰኛል። አንዱ ጎረቤታችን አንገቱን ደፍቶ "ጓድ፣ ማጭዴ ዶልዱሟል" አለ።

"የኔም" አለ ሌላው።

"የኔ ደግሞ እጀታው ላልቷል።"

በአንድ ጠዋት የቀራንዮ ማጭድ ሁሉ ዶለዶመ። ጓድ ታደሰ ተናዶ አንዱን ነጥቆ ራሱ ጎንበስ ሲል፣ ከመንገዱ የእናቱ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ወርቄ ከንግሡ እየተመለሱ ነበር።

"ታዴ! በመድኃኔ ዓለም ቀን? አንተን ማን ጋ ተስዬ ያገኘሁህ መሰለህ?"

ማጭዱን ጣለው።

ሰኞ ከቢሮ ሰዎቹ ጋር የምርምር ባለሙያውም መጣ። ቅጠሉን በጣቶቹ አሸት አደረገ፣ ቢጫውን አየ፣ ዞር ብሎ ያገሩን ስንዴ አየ። "ይኼ ዘር ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ሌላ እናመጣለን" አለ። ቀጥሎም ወደ አባቴ ዞሮ "አባቴ፣ የእርስዎ ስንዴ ሲደርስ ጥቂት ለምርምራችን ይሰጡናል?" አለው። አባቴ ይህን ያላወራለት ሰው በሰፈሩ አልቀረም።

እኔ ግን በሳምንቱ ስብሰባ ፊት ጥፋቴን አምኜ ግለሂስ እንዳደርግ ተጠራሁ። ተነሣሁና "ስገባ ጥቂት ስንዴ ረግጫለሁ፤ አባቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

በኋላ ሌላ ዘር መጣ። እሱም ከአባቴ ስንዴ ጎን ተዘርቶ፣ ታይቶ ነው የገባው። ዛሬ እዚያ ማሳ ላይ ሕንጻ ቆሟል። እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በየሙከራው ማሳ ላይ ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል "ያቺ ጥግ ባትታይስ?" የሚለኝ፣ ከረባት ያሰረም ያላሰረም፣ አለቃ ጠፍቶ አያውቅም። የማያሳፍር ዘር ከጎኑ የቆመውን አይፈራም እላቸው ነበር።

ቤት ስደርስ የእህቴ ልጅ ጣቴን አይታ ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣች። "ተይው" አልኳት፣ "ይታይ።"