ጉርሻ ቆጣሪዋ

ሲቲ ያልገባት ነገር ካለ ምሳዋ አይወርድላትም። ቆቦ ገበያ ላይ ከአፋር የመጣ ጨው ስትቸረችር ትውላለች፤ ለገዢው ጨውን ሰፍራ ስታበቃ ልጁን መቼ እንደሚድር፣ ላሙ ለምን እንደነጠፈች፣ ከየትኛው ጎረቤቱ ጋር እንደተኳረፈ ሳትሰማ አትለቀውም። ክፋት ኖሯት አይደለም። ማወቅ ትወዳለች፤ ያወቀችውን ደግሞ ለብቻዋ ይዛ ማደር አትችልም። ስለዚህ በሰባ ሰባት ዓ.ም. ጥር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር አባይ “አንዲት ሴት ሰባት ቀን ቤቷ ተቀምጣ ደብሪቱ የምትበላውን ታጣራልን” ሲል፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ሲቲ እጇን አውጥታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለው ማሽላ ፍሬ ሳይዝ ደርቆ፣ አገዳው ለከብት ተሰጥቶ፣ ከብቱም አልቆ፣ ሰው የእርዳታ ስንዴ ይጠብቅ ጀምሯል። ስንዴው የሚታደለው ቀበሌው ባጸደቀው ዝርዝር ነው፤ እህል ያለው ቤት ይሰረዛል፣ የሌለው ይጻፋል። ዝርዝሩ ሲነበብ “ደብሪቱ፣ ልጇ ጥሩወርቅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች” የሚለው ላይ ሲደርስ ስብሰባው አጉረመረመ። ደብሪቱን የማያውቅ የለማ። ቆቦ ይቅርና በአውራጃው እንደሷ ያለ ወፍራም ሰው ታይቶ አይታወቅም። ከሮቢት ለገበያ የመጣ ገበሬ ሳይቀር “እስቲ አሳዩኝ” ብሎ በአጥሯ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ከግቢዋ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከመደቧ ተነስታ ጓሮ ለመድረስ እንኳ ልጇን ተደግፋ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

“የሰው ሁሉ አጥንት ሲቆጠር እሷ እንደ ድሮዋ ናት” አለ አንዱ።

“ውሃ ጠጥታ አትወፍር መቼም” አለ ሌላው።

በዚያ አገር ማሽላ ጉድጓድ ተቆፍሮለት መሬት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ወሬው ታዲያ ወዲያው ከደብሪቱ መደብ ሥር አንድ ጉድጓድ ማሰላት። የቀበሌው ጸሐፊ አስፋው ቀደም ብሎ ቤቷን ፈትሾ ነበር። ያገኘው ከምድጃው በላይ ጣራው ላይ የተንጠለጠለ አሥራ ስድስት ራስ የደጋሌት ማሽላ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዘር ነው። ዘር እህል ተብሎ አይቆጠርም፤ ለክረምት የሚዘራውን ሰው በልቶ ይጨርሳል ብሎ የሚጠረጥር ራያ የለም። መደቡን ግን ደብሪቱ ተኝታበት ማን ያፍርሰው? እንግዲህ ጉድጓዱን ማየት ካልተቻለ አፏን ማየት ነበር የቀረው።

የሰው ጉርሻ መቁጠር ነውር መሆኑን ሲቲ ከእናቷ ተምራለች። ዳሩ ግን ነውርም ቀበሌ ሲያዝዘው ሥራ ይሆናል። መጻፍ ስለማትችል አንድ ጥቅል ጥቁር ክር ያዘች፤ ለአንድ ጉርሻ አንድ ቋጠሮ። እውነቱን ለመናገር ይህችን ሴት ለማየት ከጓጓች ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ገላ በምን ይቆማል? እንዴትስ ይተኛል? ልቧ በደስታ እየመታ ነው የገባችው።

ደብሪቱ መደቡን ሞልታ ተቀምጣለች። ፊቷ ብቻ ሲታይ ጠይም ቆንጆ፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ከአገጯ በታች ያለው ነው ዓይንን የሚያደናግረው። ሲቲ ሰላምታ ሰጥታ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ክሩንም ነጠላዋ ሥር ደበቀች።

“ምን እግር ጣለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፣ ሰምቻለሁ” አለች ደብሪቱ። “ይልቅ ወደዚህ ወደ ብርሃኑ ቀረብ በይ። እዚያ ሆነሽ አፌ አይታይሽም።”

ሲቲ አፍራ ቀረበች። ወዲያው ጥሩወርቅ ከጓዳ ትኩስ ቂጣ በሰፌድ ይዛ መጥታ ፊቷ አኖረች።

“ኧረ እኔ ልበላ አልመጣሁም፣ እትዬ ደብሪቱ።”

“ብይ። ከኔ ቤት እንግዳ ጦሙን አይወጣም። ባሌ ካሳ ነፍሱን ይማረውና፣ ደጁን ያለፈውን ሁሉ ጠርቶ ነበር የሚያበላው። ቤቱ እሱ ሞተ ብሎ ልማዱን አይተውም።”

ሲቲ “ቢስሚላህ” ብላ በላች። ርቧት ነበር፤ የዚያን ጊዜ ያልራበው ማን አለ? ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጧትና ማታ አንዳንድ ቂጣ ቀረበላት። ሦስቱ የልጅ ልጆች እየመጡ ፊት ለፊቷ ኩርምት ብለው አፍ አፏን ያያሉ። “እነዚህስ እንደኔው ናቸው፣ ወሬ ይወዳሉ” ብላ ሲቲ ሳቀች።

ደብሪቱ የምትበላውን ሲቲ በቁም ነገር ቆጠረች። ጧት ከዱር የተለቀመ ቅጠል ተቀቅሎ ጨው ጣል ተደርጎበት ሁለት ጉርሻ፤ ማታ እብቅ የበዛበት ጠቆር ያለ ቂጣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ጉርሻ። አለቀ። ሲቲ መጀመሪያ አላመነችም። ተደብቃ ትበላ ይሆን ብላ እግሯ ሥር ተኛች፤ ትራሷን ዳበሰች፤ ግድግዳውን ሳይቀር አሸተተች፣ የጉድጓድ ማሽላ ሽታው አይጠፋምና። ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ጥሩወርቅ እናቷን ስታጥብ ልታግዝ ገብታ ግን አንድ ነገር አየች። የደብሪቱ ቆዳ ከክንዷ ሥር እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል፤ ቀሚሷ ከጎንና ከጎን ተጨብጦ ሁለት ጊዜ እንዲጠብ ተሰፍቷል። ለካ ሴትዮዋ ከስታለች። ከሷ ላይ የጠፋው ሥጋ አንድ ደህና ሴት ይወጣዋል። ግን ከዚያ ሁሉ ላይ ሲቀነስ ማን ልብ ይላል?

“ድሮስ እንዲህ ነበርሽ?” አለቻት ሲቲ፤ መቼም ሳትጠይቅ አትቀርም።

“ሮቢት ሳለሁ ደልደል ያልሁ ልጅ ነበርሁ። የእናቴም እናት እንዲሁ ነበረች አሉ። ያኔ ይኸ ደስ ነበር የሚያሰኘው። ያማቴ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ለሠርጌ በመጣው ሰው ፊት ክንዴን ይዛ ‘እዩዋት፣ የጠገበ ቤት ልጅ ናት’ ትል ነበር። ጥሩወርቅን ከወለድሁ በኋላ ግን አልቆም አለ። መጀመሪያ ቡዳ ነው አሉ። ከዚያ ጠበል ወሰዱኝ፣ አርባ ቀን ሽምብራ ቆርጥሜ ወጣሁ። ከሳሁ፤ ተመለሰ፤ ባሰ። ክሊኒክ ሄድሁ፤ ድሬሰሩ ‘ትንሽ ብይ’ አለኝ። ትንሽ ነው የምበላው ስለው ሳቀ። ያች አማቴ፣ በክንዴ የኮራችው ሴትዮ፣ ልጇን ‘ሌላ አግባ፣ ይችስ ቤት ታፈርስብሃለች’ አለችው።”

“እሱስ?”

“እሱማ መጥረቢያውን አንስቶ የበሩን መቃን ቆርጦ አሰፋው።” ደብሪቱ ፈገግ አለች። “ሰፈሩ ‘የበሬ በር ሠራላት’ እያለ ሳቀ። ካሳ ግን ‘የኔ ሚስት ጎኗን እየፋቀች አትገባም’ አለ። ካቻምና ወባ ወሰደብኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ደጅ መውጣቱም አላማረኝም። ልጆች ይከተሉኛል፤ ልጅ ምን ያውቃል፣ የሚከፋው ትልልቁ ነው። ወፍራም ሰው ሲያይ ጆሮ የሌለው ይመስለዋል።”

ሲቲ ጆሮዋ ጋለ። ስለ ደብሪቱ ስንቱን ቀልድ ከጨው ጋር ሰፍራ ሰጥታለች።

በስምንተኛው ቀን ቀበሌ ቀርባ ክሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። “ሠላሳ አንድ ጉርሻ። በሰባት ቀን። ወላሂ አንዲት ቋጠሮ አልሰረቅሁም። ሴትዮዋ እየተራበች ነው፤ ከስታለችም፤ አልታይ ብሎን ነው እንጂ።”

ስብሰባው ተደነቀ። አባይ ክሩን አንስቶ ቋጠሮዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ስሟ ሊጸድቅ ምንም አልቀረውም ነበር፣ አስፋው ከጥግ ሆኖ ባይጠይቅ።

“አንችስ? ሰባቱን ቀን ምን በላሽ?”

“እኔማ ቂጣ ይሰጡኝ ነበር።”

“የምን ቂጣ?”

“የማሽላ።”

“በየቀኑ?”

“ጧትና ማታ” አለች ሲቲ። ያወቀችውን ይዛ ማደር የማትችል ሴት መሆኗን አስቀድመን ተናግረናል።

“እንግዳ ሰባት ቀን በማሽላ ቂጣ ያስተናገደ ቤት እህል የለውም ነው የምትይን?” አለ አስፋው። አባይ ክሩን መለሰላትና እስክሪብቶውን አነሳ። አምስቱም ስሞች ላይ መስመር ሲጋደም ሲቲ ቆማ አየች።

ከቀበሌ ስትወጣ እግሯ ወደ ቤቷ አልሄደላትም። ጥሩወርቅን ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘቻት። “ያን ማሽላ ከየት አመጣችሁት?” አለቻት፣ ሰላምታም ሳትሰጣት።

ጥሩወርቅ እንስራዋን አወረደች። “ዘሩን ነው። አባቴ በመጨረሻው ደህና አዝመራ በእጁ የመረጠው። አንች ልትሰግጂ ስትወጪ አንዳንድ ራስ እያወረድሁ ጎረቤት እፈጨው ነበር። አይሆንም ብያት ነበር እናቴን። ‘እንግዳ ቅጠል አላበላም’ አለችኝ።”

“ልጆቹስ?”

“አንች ስትጨርሽ ከሰፌዱ ላይ የቀረውን ይለቅሙ ነበር።”

ያኔ ነው ሲቲ የልጆቹ ዓይን ምን ይፈልግ እንደነበር የገባት። ሰባት ቀን ሙሉ የአንዲት ሴት አፍ ስታይ የራሷን አፍ ረስታው ነበር። የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ በላችው፤ በልታም ስንዴውን አስከለከለቻቸው። መንገዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

ወዲያው ተነስታ ቀበሌ ተመለሰች። “የበላሁት ዘራቸውን ነው” አለች በሰው ሁሉ ፊት። “ካላመናችሁ አስፋው ይምጣና ይይ። ሲፈትሽ አሥራ ስድስት ራስ ነበር ያየው።” አባይ መጨቃጨቁ ሰልችቶት አስፋውን “ሂድና ጨርሰው” አለው።

ደብሪቱ አስፋው መዝገብ ይዞ ከሲቲ ጋር ሲገባ አየች። ለምን እንደመጣ አልጠየቀችም። “ጥሩወርቅ” አለች፣ “ለእንግዶቹ አውርጂላቸው።”

አስፋው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ሁለት ራስ ማሽላ ብቻ ጥላሸት ለብሶ ተንጠልጥሏል። ጥሩወርቅ እጇን ዘረጋች።

“እኔ ጾመኛ ነኝ” አለች ሲቲ ቶሎ ብላ።

ደብሪቱ አፈጠጠችባት። “ዛሬ ረቡዕ ነው። የእስላም ጾም መቼ ረቡዕ ሆነ?”

“ስለት አለብኝ።”

ደብሪቱ ወደ አስፋው ዞረች። አስፋው የማርክሲዝም ትምህርት ተምሮ ከመጣ ወዲህ ጾም የሚባል ነገር የኋላ ቀር ልማድ ነው እያለ በየስብሰባው የሚያስተምር ሰው ነው። ጣራውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። “ረቡዕ እኮ ነው፣ እማማ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም” አለ። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አምስቱን ስሞች እንደገና ጻፈ፤ የደብሪቱን ከሁሉ በላይ አድርጎ።

ስማቸው ተጽፏል፤ ልጆቹ ይበላሉ። ሲቲ ደብሪቱ ደስ ይላታል ብላ ነበር። ደብሪቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንሰቀሰቅ ጀመር። ስለ አማቷ ስታወራ፣ ስለ ካሳ ሞት ስታወራ እንኳ እንባ አልወጣትም ነበር። አስፋው ግራ ገብቶት ወጣ። ሲቲ ግን አወቀች፤ ይህች ሴት እግሯ ቢከዳት፣ ሰው ቢስቅባት፣ ከደጅ ብትቀር፣ እንግዳ ጦሙን አልሸኘሁም ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ዛሬ ሁለት እንግዳ ጦሙን ሄደባት፤ ያውም አዝነውላት።

ሲቲ መቃኑን ይዛ ቆመች። በመጨረሻ ደብሪቱ ሳትዞር ጠየቀቻት።

“ስለትሽ መቼ ያልቃል?”

“ስንዴው ሲመጣ።”

ደብሪቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ዞረች። “እንግዲያው ያን ቀን መጥተሽ ከቤቴ ትበያለሽ። ካልመጣሽ ሄደሽ ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ ስሜን ይሰርዘው።”