የዘጠና ስምንት ጀሪካን

ባሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። እጁ ጥንቁቅ፣ ምላሱ ግን ለማንም የማይመለስ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክንድ የምታህል፣ በሪሞት የምትነዳ የቤንዚን መኪናውን ታቅፎ ወደ መወዳደሪያው ሜዳ ይሄዳል። እዚያ «ዘጠና ስምንት» ነው የሚሉት፤ ኦክቴን የሚሉት ቁጥሩ ዘጠና ስምንት ካልሆነ ቤንዚን አይባልም ብሎ ስለሚምል። ተራውን ዘጠና አንድ የሚጠቀሙትን ደግሞ፣ ለሳር ማጨጃ ሞተር እንጂ ለሌላ አይሆንም እያለ፣ «ሳር አጫጆች» ይላቸዋል።

ዘይቱን በሲሪንጅ ለክቶ የሚቀላቅለው እሱ ነው፤ ሃያ አምስት እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ ዘይት። ጀሪካን ተሸካሚዋ ግን እኔ። የዘጠና ስምንቱ ማደያ ደርሶ መልሱ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ተራው ግን እዚሁ ቤታችን ጥግ። አንድ ቀን ጉልበቴን አሞኝ የጥጉን ቀድቼ ገባሁ። አሸተተና ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ ነው ቤንዚን!» አለ። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

በጥጉ ማደያ የምትቀዳውን ልጅ ልዩነቱን ጠየቅኳት።

«ኦክቴን ጉልበት አይደለም እኮ እትዬ» አለችኝ። «ቤንዚኑ ሲጨመቅ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ነው። ሞተሩ ብዙ የማይጨምቅ ከሆነ ለቁጥሩ ምን አደከመሽ?»

እኔስ ምን አደከመኝ! ሰባት ዓመት ሙሉ የጥጉን አጠጣሁለት። በእሱው ሁለት ዋንጫ ወሰደ።

ዘንድሮ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ በዋንጫ ነው የምሰናበተው» አለ። አንጀቴን በላው። ለካ እኔ ሳላውቅ የሞተሩን ክዳን በጥርስ መሥሪያ ሞረዱ ሲሞርድ ከርሟል። ክዳኑ ዝቅ ሲል ቤንዚኑ ይበልጥ ይጨመቃል፤ ዘጠና ስምንት ደግሞ ይችለዋል ብሎ።

የውድድሩ ቀን መኪናዋ ሁሉንም በአንድ ዙር ቀደመች። እኔ እንኳ ሳላስበው እልል አልኩ። ከዚያ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። ሳር አጫጆቹ እየሳቁ አለፉን።

ቤት ገብተን ሞተሩን ሲፈታው ፒስተኑ መሃሉ ተበስቷል።

«ስሞርድ አበላሽቼዋለሁ» አለ። «እጄ ከዳኝ። እንግዲህ ለጥርሱም አይሆንም።»

ይሄን ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም።

«እጅህ ምንም አላጠፋም፤ እኔ ነኝ» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጉልበቴን፣ የጥጉን ማደያ፣ ተራ ቤንዚን ያን ሁሉ ጭመቃ እንደማይችል።

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። የተበሳውን ፒስተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰባት ዓመት?»

«ሰባት ዓመት።»

«ዋንጫዎቹም?»

«ዋንጫዎቹም።»

ሁለት እጁን ዘርግቶ አያቸው። ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ።

«ቤንዚኑ ካልሆነ እጄ ነዋ ያሸነፈው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና አለና ጣቱን ቀሰረብኝ፤ «ለሳር አጫጆቹ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ!»