ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ፊት የወደቀው መምህር

ጓ! በዚያ ዘመን ሮብ ገበያ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ የጣውላ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲገለበጥ የሚሰማው ነው። ከዚያ የልጆች ሳቅ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጠው፣ በጎረቤት ክፍል ያሉት አስተማሪዎች ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ «ሙላት ዛሬም ወደቀ» ይባባሉ ነበር።

መምህር ሙላት ከደብረ ማርቆስ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። ቃልን በቃል ብቻ መፍታት አይሆንለትም። «ክላውን» የሚለው ቃል የደረሰ ዕለት ወንበሩን ስቶ ይቀመጣል። «ክላውን ማለት ዐውቆ የሚወድቅ ነው፤ ማሳቅ ሥራው ነው» ይላል ከወለሉ ሳይነሣ። ቀጥሎ ይነሣና፣ ጀርባው በጠመኔ መለቅለቁን የማያውቅ መስሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። «ይኸኛው ደግሞ በፉን ነው። ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ግን የተከበረ ይመስለዋል። ክላውን ብትሉኝ እስቃለሁ፤ በፉን ብትሉኝ እንጣላለን!» ሁለት ልጆች ኋላ ተቀምጠው ሲላፉ ቢያገኝም አይቆጣም፤ «እነሆ ሆርስፕሌይ!» ብሎ በጣቱ ያሳያል። እነዚያ ልጆች ዛሬ ነጋዴም ነርስም ሆነዋል፤ ቃላቱን የረሳ ግን የለም።

ጣጣው የመጣው ዘሪቱን ሲወድ ነው። እሷም ወዳዋለች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ግን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮ ቤቱንም ልጃቸውንም ብቻቸውን ያቆሙ፣ ጥርሳቸውን ገበያ ያላየው ሴት ናቸው። ሽማግሌ ሲላክባቸው መልሳቸው አጭር ነበር።

«የሚወድቅ ሰው ቤት አያቆምም።»

«ኧረ እትዬ፣ ለማስተማር ብሎ እኮ ነው የሚወድቀው!» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ እንዳላማው።

«እንግዲያው ራሱ ይምጣና ያስረዳኝ። ካላስረዳኝ ሁለተኛ ለዚህ ጉዳይ ደጄን እንዳትረግጡ።»

ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር ይቁም ማለት ባገሩ ያልተሰማ ነው። ግን ምን ይደረግ? እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሙላት ጥቁር ኮት ተውሶ ለበሰ፤ እጅጌው ከክርኑ ብዙም አያልፍም። በመንገድ ላይ ሁለተኛው ሽማግሌ ቄስ አካለ ወልድ መከሩት።

«ልጅ ሙላት፣ ዛሬ እንደ ምሰሶ ሁን። አትሳቅ፣ አታስቅ።»

«እሺ አባ።»

«አሁንም እየሳቅህ ነው!»

«ፊቴ ነው አባ፤ ሲፈጠር ነው።»

ቤት ገብተው በወጉ መሠረት ቆሙ። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ እንዳላማው ጉሮሯቸውን ጠርገው የሙላትን ዘር ከቅድመ አያቱ ጀምረው መቁጠር ያዙ። ገና አያቱ ላይ ሳይደርሱ ከጓዳ አንድ ቤት ያደገ ጠቦት ወጣ። የአቶ እንዳላማውን ጋቢ ከኋላ አሸተተና ጫፉን ማኘክ ጀመረ።

«አጥንቱ የጠራ፣ ስሙ የከበረ...» ሲሉ ጋቢው ከትከሻቸው ይንሸራተታል። ዞር ሳይሉ መልሰው ይጎትቱታል። ጠቦቱም ይጎትታል። «በክብር ከመጣን በክብር እንድንመለስ...» ጋቢው ደግሞ ወረደ። ቄስ አካለ ወልድ ፊታቸውን መቋሚያቸው ላይ ደፉ፤ ሙላት ጉንጩን በውስጥ ነከሰ።

«ይብቃ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት። «መምህር፣ ልጆቹን የምታስተምረውን ንገረኝ።»

«ቃላት ነው እትዬ። ዐውቆ የሚያስቅ ሰው ክላውን ይባላል። ሳያውቅ የሚሳቅበት ደግሞ በፉን።»

«ሁለተኛው አልገባኝም» አሉ፣ ዐይናቸው ጠቦቱ ላይ እንደ ተተከለ። «ከዚህ ቤት ካለ አሳየኝ።»

ሙላት ላብ አጠመቀው። ቢያሳይ ለእሱ ብለው ዳገት ቁልቁለት የወጡ የወረዱትን ሽማግሌ ማዋረዱ ነው። ዝም ቢል ማስረዳት አቃተው ይባልና ዘሪቱ ትቀራለች። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«አሳያቸው እንጂ ልጄ!» አሉ አቶ እንዳላማው፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ። «ምን ያስፈራሃል?»

ሙላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። የገዛ እግሩን በእግሩ ጠለፈና በሽማግሌውና በጠቦቱ መካከል እንደ ግንድ ተጋደመ። ጠቦቱ ደንግጦ ጋቢውን ለቀቀ፤ በሙላት ሆድ ላይ ዘሎ ጓዳ ገባ። የተውሶው ኮት ከጀርባው ተተረተረ። ቄሱ አልቻሉም፤ ፈነዱ። ከመጋረጃው ጀርባም ሳቅ አመለጠ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ግን አቶ እንዳላማው ናቸው። በረጠበው የጋቢ ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ወይ ጉድ! በፉን ማለት እሱ ነው ለካ! አሁን ገባኝ!» አሉ።

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት አልሳቁም። «ዐውቀህ ነው የወደቅኸው?»

«የለም እትዬ» አለ ሙላት ከመሬት ሳይነሣ። «አዳልጦኝ ነው።»

የረጠበውን ጋቢ አዩ። ወድቆ የቀረውን ሰው አዩ። «ማሳቁን ተው አልልህም» አሉ። «ልጄን እንዳታስለቅስብኝ ብቻ። ለጥር አድርጉት።»

ከዚያ የላይኛው ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ጭነው፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ፣ ደህና ሁኑም ሳይሉ በጓሮ በር ወጡ።