የፍልሰታው የሙዝ ቂጣ

ነጭ ጋዝ ሲሸተኝ ዛሬም ያ የልጅነቴ ክረምት ይመጣብኛል። ባለፈው ሰሞን ቀለም ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ ብሩሹን በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ሽታው ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። የመጣሁበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ባለሱቁ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ሚዛን ተፈሪ፣ እናቴ አልጋ ላይ፣ እኔ ደግሞ የጎረቤታችን ምድጃ አጠገብ ቆሜ ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ስጠብቅ። ይህን ለቀለም ሻጭ ከየት ጀምረው ያስረዱታል? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። በዚያ ክረምት እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ ለክረምት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እናቴና እኔ ከአክስቴ ጋር ቀርተናል። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከጎጃም የመጣችው ለጥቂት ቀን ብላ ነበር፤ ሳትሄድ ከረመች። ቁጡ ናት። ዝናቡን ትቆጣለች፣ ጭቃውን ትቆጣለች፣ ከጓሯችን ቡና በላይ ዛፍ ላይ የሚጮኹትን ጉሬዛዎች ሳይቀር ትቆጣለች። "ይኼ ሰማይ ቀዳዳ ነው እንዴ?" ትላለች በየጠዋቱ፣ መልስ የሚሰጣት ያለ ይመስል። እኔ እፈራትም እወዳትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን እንጃ።

እናቴን ወባ የያዛት ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፤ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ፣ በላዩም የአባቴን ካፖርት ደረብንባት። አልጋው ከነእግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፤ ያለበስናትን ሁሉ ገፍታ ጣለችው። ወባ ለኛ አዲስ አልነበረም። የዚያን ጊዜው የተለየ የሆነብኝ ከመንገዱ ማዶ በተተከለው ድንኳን ምክንያት ነው። እንጀራ ትሸጥልን የነበረችውን ሴት በዚያው ሰሞን ወባ ገድሏት ነበርና ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ከእናቴ አልጋ አጠገብ ሆኜ በር ስከፍት የሚታየኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ በሩን እዘጋው ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ኪኒን ሰጠችንና ደጋግማ አስጠነቀቀችን። ኪኒኑ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ቅባት ያለው ምግብ ትብላ፣ ወተት ቢሆን ደግ ነው፣ ያለዚያ መድኃኒቱ ከሰውነቷ አይዋሃድም። ካስመለሳት ደግሞ ምንም እንዳልወሰደች ቁጠሩት አለች። ከዚህ በላይ ከደከመች ወደ ሆስፒታል ነው አለችን። "ሆስፒታል" ስትል ድንኳኑ ታየኝ።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። እናቴ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ አፍርሳ አታውቅም። የንስሐ አባቷ ለበሽተኛ ተፈቅዷል ቢሏትም ወተቱን በእጇ ገፋችው። የዘንድሮው ጾም አልፎኝ ብሞት ምን ይዤ እቀርባለሁ አለች። "ብሞት" የሚለውን ቃል ከአፏ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እንግዲህ የቀረው ዘይት ነው። አክስቴ ዘይቱን ጥሬውን አጥሚት ላይ ጠብ አድርጋ ሰጠቻት፤ አጥሚቱም ኪኒኑም ተያይዘው ወጡ። ጥሬ ዘይት ጤነኛውንስ መች ይስማማዋል? የበሰለ ነገር ያስፈልጋት ነበር። አክስቴ ግን በሽተኛ በተኛበት ቤት በዘይት አይጠበስም፣ ሽንኩርት አይቁላላም ብላ በሩ ላይ ቆማለች። ሽታው ይመታታል፤ ምች ከወባ ላይ ተደርቦ ይጨርሳታል ትላለች። ዳማከሴ አሽታ ግንባሯን ትቀባታለች እንጂ ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አታስነካንም።

አሁን የእኔን ነገር አስቡት። ነርሷን ብሰማ ሽታው እናቴን ይገድላታል። አክስቴን ብሰማ ኪኒኑ አይሠራም፣ እናቴ ትሞታለች። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር። ፍርሃቱ ምግብ ከለከለኝ፤ ቆሎ አፌ ውስጥ ይዤ ሳላላምጥ እቀመጥ ነበር።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። የዚያው አገር ተወላጅ ናት፣ ቤንች፤ ገበያ ላይ እርድና ኮረሪማ ትሸጣለች፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቢጫ ናቸው። ፕሮቴስታንት ስለሆነች እንደኛ ፍልሰታ አትጾምም። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ በረንዳዋ ላይ ከተንጠለጠለው ዘለላ የበሰሉትን፣ ልጣጫቸው የጠቆረባቸውን ሙዞች ቆረጠች። ቀጥላ ያደረገችው ነገር ነው እስከ ዛሬ የማይረሳኝ። መጥበሻዋን አወረደችና በአመድ ትፈትገው ጀመር። ፈተገችው፣ አጠበችው፣ ደግማ ፈተገችው።

"ሥጋ ነክቶት ነበር" አለችኝ። "እናትሽ ከጠየቀች ሲፈተግ በዓይኔ አይቻለሁ በያት፣ ሚጡ።"

ሙዙን በሹካ ደቆሰችው። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ውኃ ጨምራ መታችው። የነጭ ጋዝ ምድጃዋን በረንዳው ላይ ለኮሰች፤ ክሩ መጀመሪያ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ቆይቶ እሳቱ ሰማያዊ ሆነ። ዘይቱ ሲግል ሊጡን በጭልፋ አፈሰሰችው፤ ቸስ አለ። ዳር ዳሩ ቡናማ እየሆነ፣ መሐሉ አረፋ እየሠራ ሲበስል ሽታው ተነሣ። የሙዝ፣ የጋለ ዘይትና የነጭ ጋዝ ሽታ አንድ ላይ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ቂጣው ላይ አልነበረም። ጭሱን ነበር የማየው። ጭሱ ወደ ቡናው በኩል እየሄደ ሳለ ትንሽ ቆየና ዞረ፤ ቀጥ ብሎ ወደ እናቴ መስኮት።

እትዬ፣ ወደኛ እየሄደ ነው አልኳት። ልትስቅ ብላ ፊቴን አየችና ተወችው። እርድ የምታሰጣበትን ሸራ አንስታ በንፋሱ በኩል ወጥራ ያዘችልኝ፤ በአንድ እጇ ሸራ፣ በሌላው ቂጣ ማገላበጫ። ሸራው ሽታን የሚያቆም ይመስል!

ያኔ ነው የአክስቴ ድምፅ ከቤታችን የተሰማው። ስሜን ጠራች። አንዴ ብቻ ነበር፣ ረዘም አድርጋ።

በቃ፣ ሞታለች አልኩ። በኋላ ጎረቤታችን እንደነገረችኝ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ እኔ ትዝ የሚለኝ የጭቃው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። በክንዴ አንስታ አቆመችኝ፤ ቂጣውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አስያዘችኝ። እሷም ተከተለችኝ።

አክስቴ ነጠላዋን መስኮቱ ላይ በሁለት እጇ ወጥራ ቆማ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። "ማነው ዘይት የሚያቃጥለው?" አለች። ከኋላዋ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ደካማ፣ ግን የእናቴ።

"እትዬ፣ ይተዉአት። የሸተተኝ ሙዝ ነው? እስቲ አምጪልኝ።"

ቀና አደረግናት። በጥፍር የምትያዝ ቁራሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ አስገባች፤ ብዙ ጊዜ አላመጠችው። መጥበሻው የማን እንደሆነ ጠየቀች። ጎረቤታችን ከበሩ ሳታልፍ፣ በአመድ ፈትጌዋለሁ፣ ልጅሽ አይታለች አለቻት። እናቴ ራሷን ነቀነቀችና ሌላ ቆረሰች። ከዚያ ኪኒኑን ዋጠች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን መጠበቅ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አክስቴ ሳፋውን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እኔ የእናቴን ጉሮሮ እያየሁ ነው። ምራቅ በዋጠች ቁጥር ወደ ሳፋው አያለሁ። አንዴ ሳል መጣባት፤ አክስቴ ሳፋውን አቀረበች፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳል ብቻ ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆየ፣ አባራ። ስናያት እንቅልፍ ወስዷታል፤ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሎ። ጎረቤታችን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ እየበረደላት ነው ብላን ወጣች።

እናቴ ዳነች። ቂጣው እስኪያልቅ ድረስ ኪኒኑን ከሱ ጋር ወሰደች፤ ሲያልቅም ጎረቤታችን እንደገና ጋገረች፤ ከዚያ መጋገሩን እኔም ለመድኩት። እናቴ ዛሬም አለችልኝ፣ እድሜ ይስጣት።

ያን ቀን ግን እናቴ እንደተኛች አክስቴ የተረፈውን ቂጣ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ዞር ብላ ትንሽ ቆረሰችና አጎረሰችኝ።

"የኔዋ በትኩሳት ስትሞት" አለች፣ "ማድቤት ሆኜ ብስኩት እየጠበስኩላት ነበር። አማረኝ ብላኝ። ሽታው ነው የመታት አሉኝ።"

አክስቴ ልጅ ወልዳ እንደምታውቅ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ዕድሜዋን ነገረችኝ፤ ያንቺው ነበር አለች። ሌላ አልጨመረችም። የቀረውን ቂጣ ጠቅልላ አስቀመጠችና ወጥታ ጉሬዛዎቹን መቆጣት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችውም። እኔም ካደግኩ ወዲህ የልጅቷን ስም ልጠይቃት ብዬ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል፤ ያንን ፊት ድጋሚ ማየት ፈርቼ ነው። አክስቴ ካቻምና ዐረፈች። ከቀብሩ መልስ እናቴን ጠየቅኳት፣ ልጅ እንደነበራት እንኳን አልሰማችም። አባቴ ትዝ ይለዋል፤ እሱ ግን ያኔ ለትምህርት ከጎጃም ወጥቶ ነበርና ያያት ሕፃን ሳለች አንዴ ብቻ ነው። ፀጉሯ ሉጫ እንደነበር ነገረኝ። ስሟን ቢያስብ፣ ቢያስብ አልመጣለትም።