የሦስት በሬዎች ሠንጠረዥ

በዚያ ክረምት ወደ ጋይንት የተመለስኩት በዲጂታል ሎጂክ ዲዛይን ወድቄ ነበር። ዩኒቨርሲቲው መስከረም ላይ ድጋሚ ፈተና እንድቀመጥ ፈቅዶልኛል። እሱንም ከወደቅሁ መባረሬ ነው፤ ተባሮ መንደሩ የገባን ወጣት ደግሞ ቀድሞ የሚጠብቀው የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ነበር። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ስለ ፈተናው አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

የማውቀው የአጠናን ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የፊዚክስ አስተማሪ ስላልነበረን ያለፍኩት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤ ነው። አሁንም ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ እየወጣሁ በደብተሬ ያሉትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እሸመድድ ጀመር። የአንድና የዜሮ ሠንጠረዦቹን ሳይቀር ድምፄን ዝቅ አድርጌ በቃሌ እደግማቸው ነበር።

የአክስቴ ልጅ እዚያው ጉብታ ላይ ይውል ነበር። እኩያዬ ነው፤ ቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ካለው የቄስ ትምህርት ቤት ቅኔ ይማራል። ጠዋት ለብቻው ተቀምጦ የዕለቱን ቅኔ በልቡ እያበጀ ይቆጥርና በኋላ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ይዞ መሄድ አይቻልም፤ በየቀኑ አዲስ ነው። ሦስት ቀን ካዳመጠኝ በኋላ ጠጋ ብሎ፣

«አንተ ዳዊት እየደገምክ ነው እንጂ እያጠናህ አይደለም» አለኝ።

ፈተናው የሚወጣው ከዚሁ ትምህርት እንደሆነ ነገርኩት። ታዲያ ባለፈው ስትወድቅ የሸመደድከው መጣልህ ወይ ሲለኝ እውነቱን አመንኩለት፤ አንድም አልመጣም ነበር። ከነገ ጀምሮ ደብተሩን ዘግቼ በቀን አንድ አዲስ ጥያቄ ራሴ እንዳወጣና ለእሱ እንዳስረዳው ተስማማን።

ሰኞ ዕለት ስለ ወፍጮ አንድ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ፤ ወፍጮው የሚዞረው ነዳጅም ቀበቶም ሲኖረው ነው። ላለው አንድ፣ ለሌለው ዜሮ እያልኩ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በአራት መስመር ጻፍኩ። ከአራቱ መስመሮች መልሱ አንድ የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው። እሱም ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ማንበብ በዚያው ጠዋት ለመደ።

ሐሙስ ዕለት የአባቴን በሬዎች አመጣሁ፤ ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ይታረሳል፣ አለዚያ አይታረስም። የመልሱን ዓምድ አንዴ አየና ሳቀ።

«ይሄ የሰኞው ነው፤ ልብሱን ለውጠህለት መጣህ። ደግሞ ውሸት ነው። እናንተ ቤት አንድ በሬ ባነከሰ ቁጥር ሞፈሩ ይሰቀላል እንዴ? መቀናጆ የሚባል ነገር ረሳህ? አዲስ አበባ ምን አበሉህ?»

እውነቱን ነው። ጎረቤታችን ያለው አንድ በሬ ነው፤ የእኛ አንዱ ሲታመም የእሱ ከቀረው ጋር ተጠምዶ ለሁለታችንም ያርሳል። ስለዚህ በሬዎቹ ሦስት ሆኑ፣ መስመሮቹም ስምንት። እያንዳንዱን መስመር «በዚህ ቀን ይታረሳል?» እያልን ሞላነው። ሁለት ወይም ሦስት በሬ ደኅና የሆነባቸው አራት መስመሮች ላይ አንድ ወጣ። ዓምዱን ሳየው ደነገጥኩ። በደብተሬ ያለው፣ የሦስት አሃዞች ድምር ከአንድ ሲበልጥ ወደ ግራ የሚተላለፈው «አንድ» የሚወጣበት ሠንጠረዥ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ምን እንደሚል ሳይገባኝ በቃሌ ይዤው የኖርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከምን እንደተሠራ አየሁ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ድረስ ጥያቄ አላጣሁም። የወንዝ መሻገሪያው፣ የአርብ ገበያ መንገድ፣ የዶሮ ቤት መዝጊያ፣ ሁሉም ሠንጠረዥ ሆነ። እሱም አንዱንም በነፃ አላሳለፈልኝም።

ፈተናው ላይ ሁለት ፓምፕ ስላለው የውሃ ማጠራቀሚያ ተጠየቅን። በደብተሬ አልነበረም። መስመሮቹን አሰመርኩና እያንዳንዱን «አሁን ውሃ ይሞላል?» እያልኩ ጠየቅሁ። ውጤቱ ሲለጠፍ የመታወቂያ ቁጥሬን ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። አልፌያለሁ።

ለእናቴ ማለፌን በሰው ላክሁላት፤ ለአክስቴ ልጅ ደግሞ ምስጋናዬን በሁለት ገጽ ጻፍኩለት፤ በአፌ ይህን ያህል ተናግሬው አላውቅም። ወረቀቱን ወደ አገር የሚመለስ ነጋዴ ወሰደልኝ። መልሱ ከገና በኋላ በቁራጭ ወረቀት መጣ። እንኳን ደስ አለህ የሚል ቃል የለበትም።

«የፈተናውን ጥያቄ ላክልኝ» ይላል። «አዲስ መሆኑን ሳላይ ማለፍህን አላምንም።»

በዚያው ቀን ጥያቄውን ከነሠንጠረዡ አንድም መስመር ሳልዘል ገልብጬ ላክሁለት።