ሐሙስ አልሮጥም

እናቴን ደም ግፊት በድንገት ጥሎ የገደላት በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔም አርባ ስድስት በገባሁበት ዓመት ሐኪሙ «ግፊትሽ ከፍ ብሏል፤ እንቅስቃሴ ጀምሪ» ሲለኝ ፍርሃት ወረረኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ታቦር ተራራ ሥር ካለው ቤታችን ወጥቼ ወደ ሐይቁ መሮጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ የምግብ ፍላጎቴ ጨመረ፣ ትንፋሼ ተከፈተ። በሁለተኛው ወር ተራራውን ጨመርኩበት። በሦስተኛው ደግሞ ከሥራ ስወጣ ጂም መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ካረፍኩ ሞት በዚያችው ቀን የሚመጣብኝ ይመስለኝ ነበር። ቢያመኝም፣ ቢዘንብም እሮጣለሁ። ባለቤቴ «ዛሬ እንኳን ተኚ» ቢለኝ «አንተ እናትህን አልቀበርክም!» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ፤ ግን ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

የማስተምረው ሒሳብ ነው። አንድ ቀን ለዓመታት የሠራሁት ቀላል ስሌት ሰሌዳው ላይ ተምታታብኝ። አንዲት ተማሪ በትሕትና «ቲቸር፣ ምልክቱ ተሳስቷል» ስትለኝ ጮህኩባት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ እንባዬን ጠረግኩ። እንቅልፍ ከሸሸኝ ሰንብቷል። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያቃጥለኛል። እንዲያም ሆኖ ወደ ማታ ጂም ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አካባቢ ስሮጥ እግሬ ከዳኝና ወደቅኩ። ዓሣ ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ደግፈው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ውኃ አስመጥተው አጠጡኝና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር መሆናቸውን ነገሩኝ።

«ልጄ፣ የምታርፊው መቼ መቼ ነው?»

«አላርፍም፣ ጋሼ።»

«ውድድር አለብሽ?»

«ኧረ የለብኝም።»

«ታዲያ ማን እያባረረሽ ነው?»

ለማንም ያልነገርኩትን ለማላውቀው ሰው ዘረገፍኩት፦ የእናቴን ሞት፣ የሐኪሙን ቃል፣ እንቅልፍ ማጣቴን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሳሯሩጥ ነው የኖርኩት» አሉ። «አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። እግሬን አመመኝ ስትለኝ ሰነፍ አልኳት። እሷም እልኸኛ ነበረች፤ ሮጠች። ዛሬ ታነክሳለች። ገበያ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልችልም። ሰውነት የሚጠነክረው ሲሠራ ብቻ አይደለም፣ ልጄ፤ ሲያርፍም ነው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አንቺ አትዘግዪ።»

ከዚያ ባጃጅ አስቁመው ቤት ድረስ አደረሱኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ እንደዚያ ሆኜ ሲያየኝ አልተቆጣኝም፤ ጫማዬን ፈታልኝ። ያን ጊዜ ነው ይቅርታ የጠየቅኩት። ሰኞ ደግሞ ተማሪዬን በክፍሉ ፊት «ልክ ነበርሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ወደ ሐኪሙ ስመለስ መድኃኒት አስጀመረኝ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ቀስ ብዬ እሮጣለሁ፤ ሌሎቹን ቀናት በእግሬ እንሸራሸራለሁ፤ ሐሙስ ግን ምንም የለም። የመጀመሪያው ሐሙስ ከተራራው ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሥራ እንደፈታ ሰው በቤቱ ስዞር ቆየሁ፤ ሁለት ጊዜ ጫማዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። አመሻሹ ላይ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አንድ ሰው ነጠላ አልብሶኛል፤ ልጆቼም ከጓዳ ሆነው እንዳልነቃ በሹክሹክታ ይጣላሉ። ተነስቼ ላስታርቃቸው አሰብኩና ተውኩት። ትንሽ ደግሜ ተኛሁ።